ከአልበማችን ያልወጣው ለቅሶ

ዛሬ ጠዋት ከክርያት አታ ወደ ሃይፋ ስመጣ አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ ረዥም ጩኸት አወጣ፤ ከላይ ጀምሮ እየወረደ የሚያላዝን ዓይነት። ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ምን አሳቀሽ በይኛ!

ያኔ ክርያት ያም ነበርን፤ ሕንፃው እንደኛ ወደ እስራኤል በመጡ ኢትዮጵያውያን የተሞላ ነው። ከሕንፃችን ሥር ያለው ሚክላት፣ የቦምብ መጠለያው ማለቴ ነው፣ እርጥብ ኖራና የዛገ ብረት ይሸት ነበር። እዚያ ነው ከሩሲያዊው ጓደኛዬ ጋር አልበማችንን የቀዳነው። እሱ አሮጌ ሲንተሳይዘሩን፣ የኤሌክትሪክ ኦርጋኑን፣ ይነካካል፤ እኔ የብረት በሩ ላይ ማይክሮፎን ለጥፌ በሩን እፈትጋለሁ፣ ድምፁን በኮምፒውተር አጣምመዋለሁ። ዜማ የለው፣ ምት የለው! ልምምድ አናውቅም፤ የጀመርነውን አናቋርጥም፤ የቀዳነውንም አንቆርጥም፤ ሕጋችን ይኸው ነበር። እማዬ "ይኼ ደግሞ ሙዚቃ ነው?" ትለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በዚያን ጊዜ ወታደር ነበር። ያን ሳምንት ስልኩ አልሠራ ብሎ እማዬ እህል አልቀምስ ብላ ሰንብታለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስላላስቻለን የአየር ማስገቢያውን ክዳን ከፍተን መቅዳት ጀመርን። ጓደኛዬ አንድ ድምፅ አገኘ። ከፍ ይልና እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል፤ ቁርጥ የሴት ለቅሶ። ደስ ብሎን ቀጠልን። ለካ ድምፁ በቱቦው ደረጃው ድረስ ይወጣ ኖሯል! ጎረቤታችን አሮጊቷ ሰምተው፣ መርዶ መጥቷል ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። እሳቸውን ያየች ሌላዋም እንዲሁ። እኛ ዘንድ መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሰው እስኪሰበሰብ ከባለሐዘኑ ይደበቃል። ስለዚህ ማንም ማንን አልጠየቀም፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እማዬ በሯን ከፍታ ያን ሁሉ ነጠላ ስታይ ነጋሪ አላስፈለጋትም።

"ልጄን! ልጄን!" እያለች፣ ደረቷን እየደቃች ለቅሶው ወደሚሰማበት ሚክላት ወረደች፤ ሴቶቹም ተከተሏት። እኔም ነጠላቸውን ሳይ አመንሁ። ወንድሜ የለም አልሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጮኽሁ። አማርኛ የማይሰማው ጓደኛዬማ ጨዋታው የደራ መስሎት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያጅበናል!

ቀና ስል ወንድሜ ሻንጣውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆሟል።

"ማነው የሞተው?" አለ። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ኖሯል።

እማዬ መጀመሪያ በጥፊ አለችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አሮጊቷ "እሰይ! እሰይ!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። እፎይታውን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? መሬት እንደተቀመጥሁ ስስቅና ሳለቅስ ቆየሁ።

ይኼ ሁሉ ተቀድቷል። ጓደኛዬ ነገሩ ሲገባው ደነገጠ፤ ሕጉ ይቅርና እንቁረጠው አለኝ። እማዬን ጠየቅኋት።

"አትቁረጡት" አለች። "ለልጄ አንዴ አልቅሼለታለሁ። እዚያው ይቀመጥ፤ ሁለተኛ ለቅሶ አልጠየቅም።"

የአልበሙ መጨረሻ አድርገን አወጣነው።

ወንድሜ አሁን የልጆች አባት ነው። ሰሞኑን ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር ማለት ነው፣ ተጠርቶ ሄዷል። እማዬ ትናንት ደወለችልኝ። ስለ እሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

"ያ ለቅሶ አለ?" አለችኝ።

"አለ፣ እማዬ።"

"ምኑም አልጎደለ?"

"ምኑም።"

"እሰይ" አለችና ስልኩን ዘጋችው።