የባህል መንደሩና የቅሬው ድንኳን

በነጻ የሚባል ነገር ስሰማ እጄ ቀድሞ ኪሴን ይዳብሳል። ነጋዴ ነኝ። ሸራ፣ ጀሪካን፣ ገመድና ጨርቃ ጨርቅ ስሸጥ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ሸብቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን በነጻ የተሰጠኝ ነገር ቢኖር ምክር ነው፤ እሱም ከነካሁት እቃ ሁሉ የከፋው ነበር።

ስለዚህ አንድ የግንቦት ጠዋት ሜጋፎን የጫነች ፒካፕ በሱቄ ፊት እየዞረች «ታላቅ የብሔር ብሔረሰቦች የሙዚቃ ፌስቲቫል! በባህል መንደራችን! መግቢያ በነጻ!» ስትል በረንዳዬ ላይ ወደሚሰፉት ሽማግሌ ዞርኩ። በረንዳዬ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከእኔ ቀድመው አርጅተዋል፣ ከእኔም ቀድመው ይስቃሉ።

«ሰሙ? በነጻ ነው አሉ» አልኳቸው።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «የራሳችን ሜዳ ላይ ሊያስከፍሉን ኖሯል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የባህል መንደር የተባለው ከገበያው በላይ ያለው ሜዳ ነው፤ ገበያተኛው አህያውን የሚያስርበት። አንድ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ የሲሚንቶ በር አቆመለት። በአንዱ ዓምድ ማሲንቆ አሳለበት፤ ሰዓሊው ማሲንቆ አይቶ አያውቅ እንደሆነ እንጃ፣ የወጣለት ግን አካፋ ነው። ከበሩ በስተጀርባ ምንም የለም። አጥርም የለም። አህዮቹ ብቻ ሥርዓት አክባሪ ናቸውና በበሩ ይገባሉ።

ፒካፗ ከመዞሯ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የባህል ኃላፊው ወደ ሱቄ መጥቶ ነበር። ወጣት ነው፤ ዝውውር እየጠበቀ ስለሆነ ከተማዋን እንደ መናኸሪያ ነው የሚያያት። የመጣው ሸራ ሊገዛ አልነበረም። የቅሬያችን ድንኳን ከሱቄ ጓዳ እንደሚቀመጥ ሰምቶ ነው። ሌላ አገር እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ተመዝግቦ በአንድ የሚቀባበርበት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ እኔ ዘንድ ነው፤ የቁልፉ ጠባቂ እኔ ነኝ። የቅሬው ዳኛ፣ እህል ነጋዴው ሐጂ፣ ያን ቀን በአጋጣሚ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ልብስ ሰፊውም ነበሩ። ጓዳዬ ውስጥ አይጥ የበላችውን የድንኳኑን ጥግ ይጥፉ ነበር።

«ከቅሬው ጋር በቅንጅት ለመሥራት አስበን ነው» አለ ኃላፊው። «ለክብር እንግዶች ድንኳንና አግዳሚ ብትተባበሩን።»

«ሸራው ይኸው ሞልቶ» አልኩት። «ቁረጥልኝ ማለት ነው።»

«በጀቱ ለካናቴራ ወጣ» አለ። ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ሐጂ ብዙ አይናገሩም። «ውሰዱ» አሉ። «ግን የቅሬ ድንኳን ነው። ሰው ከሞተ ያለበት ድረስ መጥተን ነቅለን እንወስደዋለን። ሠርግም ይሁን ሹመት።»

ኃላፊው ሳቀ። «ኧረ ሐጂ! ፕሮግራሙ የሁለት ቀን ነው። በሁለት ቀን ማን ይሞታል?»

ሐጂ ነቀዝ የገባበትን ስንዴ በሚያዩበት ዓይን አዩት። «ኢንሻአላህ ማንም» አሉ።

«እኔስ ለእናንተ ስል እታገሣለሁ» አሉ ልብስ ሰፊው ከድንኳኑ ሥር። ሳቁን ሳሉ መሀል ላይ ቆረጠው።

ያ ሳል በጋውን ሙሉ ሲጎትታቸው ከርሟል። ከዓባይ ማዶ ነው የመጡት፣ ከሚስታቸው ጋር፤ ልጅ አልወለዱም፣ ከዚህ ዘመድ የላቸውም። የቅሬ መዋጮ አንድ ወር አስተጓጉለው አያውቁም። የማንም ለቅሶ ላይ አግዳሚ ተሸክመው የሚደርሱት ቀድመው ነው። አንድ ቀን፣ ሱቁ ጭር ባለ ሰዓት፣ ሳልጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔስ ሄድኩ፣ ተገላገልኩ። ሴትዮዋ ብቻዋን እንዳትቀመጥብኝ ነው። ሰው ድንኳን ካላየ ከደጅ ሰላም ብሎ ያልፋል። ድንኳን ሲያይ ያፍራል፣ ገብቶ ይቀመጣል።» ስለ ሰው ጠባይ ከዚህ የበለጠ የነገረኝ የለም፤ እኔ የምኖረው ደግሞ የሰው ጠባይ አይቼ ሸጬ ነው።

የፌስቲቫሉ ቀን ደረሰ። ገበያተኛውን ወደ ዳገቱ ገፉት። መድረክ ቆመ፣ ሞንታርቦው እንደ ጎተራ ተደረደረ፣ አንድ ጎረምሳ «ቼክ፣ ቼክ፣ ዋን ቱ» እያለ ረፋዱን ፈጀው። እስከ ሁለት የማይቆጥር ሰው ይመስል። ከመድረኩ ፊት ለፊት ድንኳናችን ተተክሎ፣ ሥሩ ከሆቴል የመጣ ሶፋ ተደርድሮ፣ በግንባሩ «በብዝኃነታችን እንደምቃለን» የሚል ባነር ታስሯል። ከዞን የመጡት እንግዶች ሶፋው ላይ ሰምጠው ውሃቸውን ይጠጣሉ።

ጨዋታው ተጀመረ። የኪነት ቡድኑ አባላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ብሔር ብሔረሰቡ ግን ብዙ ነው፣ ስለዚህ ልብስ እየቀየሩ ይመላለሳሉ። አንድ ጉልበቱ እንደ ዶሮ የሾለ ቀጭን ልጅ ነበር። መጀመሪያ ጉራጌ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ወላይታ። ቀጥሎ ላብ በላብ ሆኖ አፋር፤ ጊሌውን፣ የአፋሩን ጩቤ፣ የታጠቀው በግራ ይሁን በቀኝ ተጠራጥሮ መሀል ላይ አድርጎታል። ወሎ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ትከሻውን ያወቅኩት ከስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀርጾ፣ ለእኛ ተመልሶ የመጣ እስክስታ። አጠገቤ የቆመች ሽንኩርት ሻጭ «ይኼ ልጅ ስንት እናት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። በየመሀሉ ከአዲስ አበባ የመጣው መድረክ መሪ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ፣ «መካነ ሰላሞች! አልሰማኋችሁም!» ይላል። እኛ እሱን ከበቂ በላይ ሰምተነዋል።

ቀትር ሲቃረብ የቅሬያችን ለፋፊ ጥሩምባውን ይዞ ከታች ሰፈር ሲመጣ አየሁት። ልብስ ሰፊው ሦስት ቀን በረንዳዬ ላይ አልዋሉም ነበር።

ለፋፊው ነፋ። ማን ይስማው? ሞንታርቦው ዋጠው። ትንሽ ወጣ ብሎ ደግሞ ነፋ፤ አፉ ሲነፋ ይታያል፣ ድምፅ የለም። ሰውዬው ሥራውን የሚያውቅ ነው። ሕዝቡን ሰነጠቀና መድረኩ ላይ ወጣ፣ ማይኩ ፊት ቆመና ጥሩምባውን በሙሉ ሳንባው ነፋበት።

«ድንቅ ነው!» አለ መድረክ መሪው። «የወሎ ባህላዊ የጥሩምባ ጨዋታ! በጭብጨባ!»

ሶፋው ላይ ያሉት አጨበጨቡ።

የአገሩ ሰው አላጨበጨበም። ሴቶቹ ቀድመው ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። ለፋፊው ማይኩን በሁለት እጁ ያዘና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ገበያው በረንዳ ላይ የሚሰፉት አባታችን አርፈዋል! ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው! ቅሬ፣ ድንኳን!» ብሎ ወረደ። መድረክ መሪው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደው።

ሐጂ ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ ድንኳኑ ሥር ቆመዋል፣ ከኋላቸው የቅሬው ጎበዝ። እኔም ደረስኩ። ኃላፊው እየሮጠ መጣ፤ ካናቴራው ላይ የራሱ መፈክር ተጽፎበታል።

«ሐጂ፣ በአላህ! እንግዶቹ ከዞን ናቸው! ሁለት ሰዓት ብቻ ታገሱን!»

«ሟቹን ሁለት ሰዓት ታገሱ ልበላቸው?»

«ሌላ ሸራ የለም እንዴ?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጋ ሸራ አልነበረም?»

«አለ» አልኩት። «ለእንግዶችህ ግዛላቸው። እሳቸው ግን የሚለቀስላቸው ራሳቸው ከጣፉት ድንኳን ሥር ነው።»

«ቢያንስ የመክፈቻ ንግግሩ እስኪያልቅ…»

ሐጂ «ካስማ» አሉ።

ካስማው ተነቀለ። ድንኳን ሲፈርስ ሥሩ የተቀመጠ ሹም ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር፤ ምሰሶው ሲዘም ቀና ብለው አዩት፣ ትልቁ ሹም የውሃ ጠርሙሱን በደረቱ አቅፎ ከሶፋው ተነሣ። አግዳሚዎቹን ከኪነት ቡድኑ ሥር ሳብናቸው። ባነሩን ቆርጬ ጠቅልዬ ለኃላፊው ሰጠሁት፤ ክርስትና እንደሚነሣ ሕፃን ታቅፎት ቀረ። ሕዝቡ ከእኛ ጋር ወረደ። ሜዳው ላይ የቀሩት ሞንታርቦው፣ እንግዶቹና አህዮቹ ናቸው።

ጎበዙ አስከሬኑን ይዞ ወደ መቃብር ሲሄድ እኔ ድንኳን ተከላ ላይ ቀረሁ፤ ድርሻዬ ነው። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፣ በጠባብ መንገድ ዳር። የድንኳኑን ጫፍ ከጣሪያው ክዳን ጋር አሰርነውና በሯ ወደ ውስጡ ተከፈተ። ሴትዮዋ ደፍ ላይ ከጥቂት ሴቶች ጋር ተቀምጣለች። አታለቅስም። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ ማን እንደሚመጣ ታያለች። አዲሱን ጥፍ አየሁት፣ በደማቅ ሰማያዊ ክር። ለአሮጌ ሸራ እንዲህ ያለ ክር አይባክንም ብዬ ተከራክሬያቸው ነበር።

ሰዉ ከቀብር ሲመለስ ሰማዩ ተቀደደ። የግንቦት ዝናብ ነው፤ ጠዋት ጥርት ብሎ ከሰዓት እንደ ባለዕዳ በር የሚደበድብ። ድንኳኑ ሥር ተጠጋግተን ተቀመጥን፣ ዱዓ ተደረገ፣ ንፍሮው መዞር ጀመረ። ከድንኳኑ ወጣ ብዬ ከመንገዱ ጫፍ ወደ ሜዳው ሳይ ልቤ በሳቅ ሊፈነዳ ነበር፣ ለቅሶ ባይሆን ኖሮ። የዞኑ እንግዶችና ኃላፊው ባነሩን ዘርግተው፣ ጫፍ ጫፉን ይዘው፣ ሥሩ ተኮልኩለዋል። በብዝኃነታቸው ይደምቃሉ። ዳር የቀረው ቀጭኑ ልጅ ነበር፤ አሁንም አፋር ነው፣ ግማሹ ትከሻው ውጭ።

ሴትዮዋ ከደፏ ላይ ጠራችኝ። «እነዚያ ሰዎች ዝናብ እየመታቸው ነው አሉኝ።»

«ይተዉአቸው እትዬ። ካናቴራ አላቸው።»

«ምን አደረጉህ?»

ምን እንዳደረጉኝ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ጥሩምባውን፣ ጭብጨባውን፣ ሁለት ቀኑን። እየሰማችኝ አልነበረም። «ድንኳን ቆሞ ሰው ውጭ ይቁም? እሱ የሰፋው ድንኳን እኮ ነው። ሂድ፣ ጥራቸው።»

«እትዬ…»

«ጥራቸው አልኩህ!»

ሄድኩ። በሕይወቴ ከተላክሁት መልእክት ሁሉ የመረረኝ ይኼ ነው፤ ያን ሁሉ ንቀት በጭቃ ውስጥ ተሸክሜ ዳገት መውጣት። «ሴትዮዋ ግቡ ብላለች» አልኳቸው። ለማመን ጊዜ አልፈጀባቸውም። ባነሩን እዚያው ጥለውት ሮጡ።

ገቡ። መድረክ መሪው ያለ ማይክ ምን እንደሚባል አላወቀም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ፣ ከዋለበት ሁሉ እሱ ተሻለው። ትልቁ ሹም ከሸክላ ሠሪና ከጫኝ መሀል ተሸጎጠ። ኃላፊው ግን ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «በዚህ አጋጣሚ…» ብሎ ጀመረ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት ሐጂ።

ተቀመጠ፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ አጠገቤ። ንፍሮው ሲደርሰው ዘገነ፣ ሳህኑ ሳያልፈው ደግሞ ዘገነ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ነገ የመዝጊያው ፕሮግራም አለ። ድንኳኑ…»

«ለቅሶው ሦስት ቀን ነው» አልኩት። «እዚሁ ና። አናስከፍልም።»

ሴትዮዋ በዚህ መሀል ከደፉ ተነሥታ ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው። የቀጭኑ ልጅ የአፋር ሽርጥ ውሃ ያንጠባጥባል፤ አንዲት ሴት ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ጥግ ተጠጋች። ሰዉ መቀመጫ አጥቶ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሞልቷል?» አለችኝ፣ እያየችው።

«ሞልቷል እትዬ። መቆሚያም የለ።»

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፣ ደፏ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ያኔ ማልቀስ ጀመረች።