ከጥምቀት እስከ ቅበላ

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት የቀረነው ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን፤ የባላባቱ ልጅና የቄሱ ልጅ እኔ። እሷ በበቅሎ ትመጣለች፤ እኔ ከገጠር በእግሬ። አንድ ያደረገን ፍርሃት ነው። ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ወቅት ይገባል። ዐቢይ ጾም ከያዘ ግን እስከ ፋሲካ የሚድር የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሚኒስትሪ ፈተና ይደርሳል። ስለዚህ ሁለታችንም እስከ ቅበላ የቀረውን ቀን በጣታችን እንቆጥር ነበር።

በጥምቀት ሳምንት የባላባቱ ልጅ ቀረች። አስተማሪያችን ሦስት ቀን ስሟን ጠራ፤ በአራተኛው ቀን ዘለለው። ለአንድ ሹም ልጅ መሰጠቷን ከወንዶቹ ሰማሁ። የአባቷ መሬት ሁሉ አላዳናትም።

እኔ ተስፋዬን የጣልኩት በአባቴ ነበር። ፈተናውን ሳትወስጂ አልድርሽም ብለውኛል። የቄስ ቃል አይታጠፍም ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ።

ከዚያ ግን ቤታችን ጠባዩ ተለወጠ። ጋሜ ስለነበርኩ እናቴ አናቴን በየሁለት ሳምንቱ ትላጨኝ ነበር፤ እሱን ተወች፤ አናቷ እንዲያድግ የሚተውላት ልትዳር ለተቃረበች ልጅ ነው። ብጠይቃት ምላጩ ደነዘ አለችኝ። በማግስቱ በዚያው ምላጭ የወንድሜን ራስ ላጨች። ደጃፋችን ላይ ብቅል ተሰጣ። ለማኅበር ነው አለች፤ ብቅሉ ግን ሦስት ማኅበር ያጠጣል። እናቴ ውሸት አታውቅበትም። እኔም አላመንኳትም፤ አላመንኩሽም ማለት ግን ፈራሁ።

ለቅበላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አባቴን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኋቸውና ቃላቸውን አስታወስኳቸው። ዓይኔን ማየት አልቻሉም።

«የሚወስድሽ የተማረ ነው፤ ከደብተር አትርቂም» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ በሠርጉ ዕለት ነው። ሙሽራው ከኋላዬ እየተቀመጠ ሂሳብ ከእኔ የሚገለብጠው የክፍል ጓደኛዬ ሆኖ ተገኘ። አባቱ ልጃቸው ፈተናውን እንዳይወድቅ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣውን ፈልገው ነው ሽማግሌ የላኩት። እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን አባቴን ጠላኋቸው።

ጾሙ በገባ ሰኞ እሱ ትምህርት ቤት ሄደ፤ እኔ ወፍጮ ላይ ተንበረከክሁ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ደብተሩን ፊቴ ይዘረጋል። በአንድ እጄ እሳቱን እየቆሰቆስኩ በሌላው እሠራለታለሁ፤ እሱ በራሱ ጽሕፈት ይገለብጣል። ለፋሲካ የባላባቱን ልጅ ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት። የሚፈጭላት አላት፤ የሚጋግርላትም አላት። የእኔን ኑሮ ነገርኳት። ታዝንልኛለች ስል ቀናሁብሽ አለችኝ። እሷ ቤት ደብተር የሚባል ነገር አይገባም።

ማታ ማታ ያስጠናሁትን በቃሉ ይዞ ባሌ ፈተናውን አለፈ። ብዙም ሳይቆይ በወረዳው ግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። አባቱ ትልቅ ድግስ ደገሱ። ሰው ሁሉ የእሱን ትከሻ እየሳመ ሲመርቅ እኔ ጠላ እየቀዳሁ እዞራለሁ። አባቴ ዘንድ ስደርስ ዋንጫቸውን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንቺ ተፈትነሽ ቢሆን ታልፊው ነበር?» አሉኝ።

«አለፍሁት እኮ፣ አባባ» አልኳቸው።

ጠላውን ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ።