ከመርከብ የቀረች ነጭ ቁራጭ

ስለ መርከቧ መጀመሪያ የነገሩኝ፣ በጦርነቱ ጊዜ ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል መርከብ ሞተር ክፍል ያገለገሉት እና እኔን «መምህር» እያሉ የሚጠሩኝ የለንደን፣ ቶተንሃም ጎረቤቴ ጋሽ ገብረአብ ናቸው። የሳላቸው ምክንያት እንዲታወቅ ሐኪም ዘንድ ለማስተርጎም ወሰድኳቸው፤ ይቅርታ፣ እሳቸው ናቸው የወሰዱኝ።

«ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ነክተው ያውቃሉ?» አለች ሐኪሟ።

«በፍጹም! የእንፋሎት ቧንቧ የምናለብሰውን ነጭ ጨርቅ እንጂ። ስንቀደው እንደ ጥጥ ይበናል፤ እየተወራወርንበት እንስቅ ነበር» አሉ ዓይናቸው በርቶ።

ስተረጉምላት ሐኪሟ መጻፍ አቆመች። ጋሽ ገብረአብ ግን በመሐረብ የተጠቀለለ ነጭ ቁራጭ ከኪሳቸው አውጥተው አሸተቱት።

«ከመርከቤ ስለይ ለማስታወሻ የቀደድኳት ናት።»

ሐኪሟ ወንበሯን ገፍታ ብድግ አለች።

«መምህር፣ ይንገሯት እንጂ! እስከ ዛሬ ትራሴ ሥር ነው የማሳድራት።»

ይህን አልተረጎምኩላትም። የጻፍኩትም ዛሬ፣ ከአርባ ቀን ተዝካራቸው መልስ ነው።