በዘሀራ ሠርግ ዘፋኙ እኔ ነበርኩ

እኔ በጉብዝናዬ ዘመን ስዘፍን የጦሳ ተራራ ጉም ተገፎ ይሄድ ነበር። ደሴ ውስጥ ድምፄን ስትሰማ ወጥ ያላሳረረች ሴት አልነበረችም። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለጎረቤታችን ልጅ ለሰሚራ ስነግራት በጥሞና አዳመጠችኝና፣ "ጋሽ ጀማል፣ ታዲያ ለምን ካሴት አላወጡም?" አለችኝ። የዘንድሮ ልጅ ጥያቄዋ ምላጭ ነው። እውነቱን ለመናገር ጉሙ ድሮም ረፋዱ ላይ ይገፈፋል፤ እኔም ከእንቅልፌ የምነሣው ረፋዱ ላይ ነበር። ደህና አድማጭ የምለውም ሰው አንዲት ብቻ ነበረችኝ።

ሰሚራ ዘፈን ትደርሳለች። ክረምቱን በረንዳችን ላይ ጊታሯን ታቅፋ ዝናቡን እያየች ታንጎራጉራለች። ያን ዕለት አዲስ ዘፈን ተጫወተችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለአንድ ልጅ ነው የሠራሁት። ሲሰማው የሱ መሆኑ ይገባው ይሆን?" አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዘሀራ ትዝ አለችኝ።

ዘሀራ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። ክረምት ሲገባ ደጃቸው ላይ ተቀምጣ በለስ ትልጣለች፤ እኔ ማዶ ድንጋይ ላይ ሆኜ ክራሬን እነካካለሁ። የደሴ ክረምት ታውቁት እንደሆነ፣ ልብስ ታጥቦ የሚደርቀው ለመስከረም ነው። ጣቷ ላይ የቀረውን የበለስ እሾህ በጥርሷ ነቅላ እንትፍ ትልና የተላጠውን ትሰጠኛለች።

"እንካ ብላ። አፍህ ሲሞላ እንኳ ዝም ብትል።"

እኔ ግን ዝም አልልም። በዚያ ወቅት አንዲት ዘፈን ደርሼ ነበር፤

ጦሳ ላይ ቢወጡ ከተማው ይታያል፣
ያንቺን ሆድ ለማየት ምን ዳገት ይሻላል።

"ይቺ ልጅ ማናት?" አለችኝ ቢላዋዋን ይዛ።

"የለችም። ሀሳብ ናት።"

"ሀሳብ ደግሞ ሆድ አላት እንዴ? ወላሂ፣ አንተስ ለይቶልሃል!" ብላ ሳቀች። ሳቋ ዘፈኑ እንደደረሳት ምስክር መስሎኝ ቤቴ ገብቼ ሌላ ዘፈን ጀመርኩ። የልቤን ሁሉ በዜማ አድርጌ አጥሩን አሻግሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ይቀረኛል? ክራር የያዘ ሰው እንዲህ ነው፤ ያንጎራጎረውን ሁሉ የተናገረው ይመስለዋል።

እኔ ዘፈን እየላክሁ ሳለሁ፣ አንድ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሽማግሌ ላከ። መስከረም አልቆ አደዩ ሲረግፍ፣ ጋቢያቸውን የደረቡ ሰዎች በሰፈራችን ሽቅብ መጡ። እኔ ያቺው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ክራሬን እቃኛለሁ። "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ። ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ አሳለፍኳቸው። የዘሀራ አባት የጋሽ ይማም ቤት የትኛው እንደሆነ ሲጠይቁኝም በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ!

ልጅቱ ተሰጠች። ጋሽ ይማም ከሰላት ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆም ብለው፣ "ጀማል ልጄ፣ ሠርጉን አንተ ነህ የምታደምቅልን። አንተ እያለህ ባዳ አናመጣም" አሉኝ። ሽማግሌ የጠየቀው እንቢ አይባል። "አብሽሩ ጋሽ ይማም" አልኩ።

ጥር ላይ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ደሴ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ትገባላችሁ። እኔ ለማማር ብዬ የአጎቴን የሱፍ ኮት ደርቤያለሁ። ዳሱ ሞቋል፣ ሩዙና ሥጋው ይሸታል፣ ብርዙ በጆግ ይዞራል። ዘሀራ ተሸፋፍና ዓይኗ ብቻ ይታያል። ወደሷ ላለማየት የዳሱን ቋሚዎች እያየሁ ዘፈንኩ።

የዘፋኝን ሕግ የምታውቁት ነው። ታዳሚ "ተቀበል!" ካለ፣ የሰጠውን ግጥም ተቀብለህ በዜማ ትመልሳለህ። መልካም ይሁን ክፉ አትመርጥም፤ እንቢ ካልክ ባለሠርጉን ሰደብክ ማለት ነው። የሙሽራው አክስት እስክስታዋን አቋርጣ ፊቴ ቆመች።

"ዘፋኝ! ተቀበል!"

"አቤት!"

"ሙሽራችን ጀግና አያውቅም ፍርሃት፣
ሽማግሌ ልኮ በወጉ ወሰዳት።"

ተቀበልኩ። ዳሱ በእልልታ ሊነቀል ደረሰ። "ድገመው!" አሉ፤ ደገምኩት። ያን ቀን ከእኔ ፊት የወረደው ውሃ የቦርከናን ወንዝ ይሞላ ነበር። አንዱ ሚዜ መሐረብ እየሰጠኝ፣ "ምነው ወንድሜ፣ አለቀስክ እንዴ?" አለኝ። "ሱፉ ነው፣ ላብ ነው" አልኩት። አምኖኝ ሄደ።

የመልሱ ዕለት ሙሽሮቹ ደሴ እነጋሽ ይማም ቤት መጡ። ግብዣው አልቆ እኔ ደጅ የማይክራፎኑን ሽቦ ስጠቀልል ዘሀራ እጇን ልትታጠብ ብቅ አለች።

"ያቺን የጦሳዋን ለምን ተውካት?" አለችኝ።

"ጠፋችብኝ።"

"እኔ ጋ አልጠፋችም።" ውሃውን ከእጇ አራገፈች። "ክረምቱን ሙሉ ሽማግሌ የሚመጣበትን መንገድ ሳይ ነው የከረምኩት። አባባ ይወድህ ነበር። አንተ ግን ዘፈን ትጨምራለህ እንጂ ሰው አትልክም።"

ከውስጥ ሲጠሯት ገባች። ሽቦውን ጠቅልዬ ስጨርስ የጠቀለልኩት ተመልሶ የተተበተበ ነበር፤ እንደገና ፈታሁት።

ሰሚራ ይህን ሁሉ ሰምታ ጊታሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ዝናቡ አባርቷል። ዘፈን እኮ ክፉ ነገር አይደለም አልኳት፤ ያን ሁሉ ዓመት ባይሸከመኝ ኖሮ እስካሁን አፈር ነበርኩ። ግን የሰውን ቦታ ተክቶ በር አያንኳኳም። "ዘፈኑን ዝፈኚለት፤ ከዚያ በአፍሽ ንገሪው።"

"እሺ። ታዲያ እርስዎ ለእትዬ ከድጃ እንዴት ነገሯት?"

ከድጃ ባለቤቴ ናት፤ ውስጥ ሆና ትስቃለች። ምን ልዋሽ? አልነገርኳትም። ሽማግሌ የላከችልኝ እናቴ ናት፤ እኔን አላማከረችኝም። ሽማግሌዎቹ እነከድጃ ቤት ሲገቡ እኔ አክስቴ ቤት አልጋ ሥር ተደብቄ ነበር። እስከ ዛሬም ለከድጃ "እወድሻለሁ" ብዬ በአፌ ተናግሬ አላውቅም።