የነሐሱ ማጠፊያ

ባለፈው ሳምንት ገዳሪፍ ወዳለው ሱቄ አንዲት ሴት መጥታ ከውጭ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ጠየቀችኝ። «ለየትኛው ክፍል ነው?» አልኳት። «አንተ ሻጭ ነህ ወይስ ፖሊስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ይችን ሳልጠይቅ መቀርቀሪያ ሸጬ አላውቅም።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከአይከል በመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሬ የበር ሥራ ለምጄ፣ እጄ ስለተመሰገነ ልቤ አብጧል። ሥራ እንዳላጣ ደግሞ ሱዳናዊ፣ የከሰላ ልጅ ነኝ እል ነበር። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሐጂ ቤቱን ሲያድስ ጠራኝ። ሰውየው ነሐስ ነፍሱ ነው፤ የዋናው በር ማንኳኪያ፣ እጀታው፣ ማጠፊያው ሁሉ ነሐስ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ክረምቱ ወጥቶ የመንገዱ ጥቁር ጭቃ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ፉሌን በሰሊጥ ዘይት እየበላሁ አሥር ቀን ሠራሁለት።

በመጨረሻው ቀን ጓሮ ያለችውን የሠራተኛዋን ክፍል አሳየኝ። «መቀርቀሪያው ከውጭ ይሁን፤ ሁለት ጊዜ ልትጠፋብኝ ነበር» አለኝ። ከዋናው በር የተረፉ ሁለት የነሐስ ማጠፊያዎች ነበሩና እነሱን ገጠምኩ።

ሠራተኛዋ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ቀጭን ልጅ ናት፣ በእኔ ዕድሜ። ፊቴን አየት አድርጋ በአማርኛ «ያገሬ ልጅ ነህ አይደል?» አለችኝ። «አልገባኝም» አልኳት፣ በአረብኛ።

አላመነችኝም። «ወደ እርሻ ሲሄዱ ቆልፈውብኝ ነው የሚሄዱ። የዚህ ማጠፊያ ዘንግ በውስጥ በኩል ነው፤ በምስማር ብገፋው ይወጣል፣ በሩም ይነቀላል። በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዲሁ ተወው።»

እኔ ባለሙያው ያላየሁትን አየችው። ላዝንላት ሲገባ ተናደድኩ፤ ሥራዬ ጉድለት ተገኘበት። ሐጂ ደርሶበት ያባርረኛል ብዬም ፈራሁ። እዚያው ቆማ እያየችኝ፣ የዘንጎቹን ጫፍ እንዳይወጡ ከላይም ከታችም በመዶሻ ደፈጠጥኩት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ብዙ አላለፋኝም። ገና ያልጠጣሁትን ሻይ አንስታ ሄደች።

ከሰሊጡ አጨዳ በኋላ ሐጂ ነሐሱን እንድወለውልለት ጠራኝ። መጀመሪያ ግን እየሳቀ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። በውስጥ በኩል፣ በማጠፊያዎቹ ዙሪያ እንጨቱ ተቦጫጭሯል። የተጣመመ ምስማር መሬት ላይ ወድቋል። ነሐሱ ላይ ደም ደርቋል።

«እርሻ ስንሄድ ውሃና ቴምር ትተንላት ነበር። አራት ቀን ታግላ አልነቀነቀችውም፤ እጅህ ይባረክ» አለኝ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሐፍረቱ የመጣው ጥላ ሥር ተቀምጬ ልጅቷ ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ ነው። ጣቶቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ያን ዕለት ዘንጉን ስደፈጥጥ አማርኛ መስማቴን በገዛ እጄ ነግሬያታለሁና፣ አሁን ያገሬ ልጅ ነህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

«ስኳሩ ስንት ይሁን?» አለችኝ በአማርኛ።

«ሁለት» አልኳት፣ እኔም በአማርኛ።

ስሟን እንኳ አላውቅም። በኋላ የት እንደደረሰች ብዙ ሰው ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ አላገኘሁም።

የባለፈው ሳምንቷ ሴትዮ «ለዕቃ ቤት ነው» አለችኝ። ሁሉም ዕቃ ቤት ነው ይሉኛል። እጠይቃለሁ እንጂ፣ መልሱን ሰምቼ ሳልሸጥ የቀረሁበት ቀን የለም። ለእሷም መቀርቀሪያውን ከነብሎኑ ጠቅልዬ ሰጠኋት።