የአሪየት ባዶ ሳጥን

ጠዋት ቢሮዬ ስደርስ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ጋሽ ኡጁሉ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ አሪየትን አሳዪኝ» አሉኝ።

ጊዜው ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ያልቆየችበት፣ ኢንተርኔትም በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገባበት ነው። የቢሮውን ድረገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ... የአንድ ሳምንት ኮርስ ወስጄ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ!

አሪየት ልጃቸው ነበረች። ነርስ ሆና ኢታንግ በተመደበች በዓመቱ ወባ ወሰዳት። የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ባሮ ዳር የተነሳችው። የክልሉን ነርሶች ለሚያሳየው የድረገጹ ክፍል ስካን አድርጌ ስመልስላቸው «ከእንግዲህ አትጠፋም፣ ዓለም ሁሉ ያያታል» ብዬ ተኩራርቼባቸዋለሁ።

በኋላ ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገባበትና ባለሙያ መጥቶ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። እኔ ምን ተዳዬ፣ ፎቶዎቹ ድረገጹ ላይ አሉ።

ገጹን ከፈትኩላቸው። በየፎቶው ቦታ ባዶ ሳጥን፣ ጥጉ ላይ ቀይ ኤክስ... ለካ ድረገጹ ላይ የጫንኩት ጽሑፉን ብቻ ነው! ገጹ ፎቶዎቹን ሲያመጣልኝ የኖረው ከገዛ ኮምፒውተሬ ነበር። ከእኔ በቀር አንድም ሰው አይቷቸው አያውቅም።

«ችግር የለም ጋሽ ኡጁሉ፣ ዋናውን ፎቶ ያምጡልኝና አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ... «ባለፈው ሳምንት ባሮ ሞልቶ ቤት ገባ። ጎረቤት አሮጊት አለች፣ መሄድ አትችልም። እሷን ተሸከምኩ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ነበር፣ አየሁት። ተውኩት። አንቺ ጋ አለች ብዬ።»

አለቀስኩ። ልጃቸውን ሁለተኛ የቀበርኩባቸው መሰለኝ። ያባበሉኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ቆይተው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ሳጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ ምንድን ነው?»

ፎቶ ሲጠፋ በቦታው እንዲወጣ እኔው የጻፍኩት ስም ነው። «አሪየት ኡጁሉ ይላል» አልኳቸው።

በጣታቸው ነካ አደረጉት። «እሺ። ስሟ አለ» ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ አለቃዬ ባዶ ሳጥኖቹን እንዳጠፋ አዘዘኝ። የአልዌሮ ግድብን፣ የኢታንግን ገበያ... ሌሎቹን ፎቶዎች ሁሉ ከአልበም ለቅሜ መለስኩ። አንዷን ግን አልነካኋትም።

«ይሄኛውስ ሳጥን?» አለኝ ከኋላዬ ቆሞ።

«እሱ ሰው አለው» አልኩት።