ወገቤን ነው ያልሁበት ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለልኝ። ካገባ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ የላቸውም። ሚስቱ እዚያ አዲስ በተከፈተ ክሊኒክ የመርፌ ሕክምና መጀመሯን ነገረኝ። መድኃኒት የሚወጋበት መርፌ አይደለም፤ ከፀጉር ብዙ የማትወፍር፣ ሰውነት ላይ ተተክላ ግማሽ ሰዓት የምትቆየዋ የቻይናዎቹ መርፌ ናት። «አንተስ?» አልሁት። «እኔማ ምን ሆኜ፣ ጋሼ? ደግሞም ጊዜ የለኝም» አለና ስለ ሲሚንቶ መወደድ ማውራት ጀመረ።

ያችን መርፌ እኔም አውቃታለሁ። ኢሕአዴግ አገሩን ከያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት፣ ቻይናዎች መንገድ ሊሠሩ መጥተው ከወረታ ወጣ ብሎ ካምፕ የተከሉ ጊዜ ነው። እኔ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ነኝ፤ በወረዳው ግብርና ቢሮ የሩዝ ባለሙያ ሆኜ እሠራ ነበር። ባለቤቴ እቴነሽ ከዳንግላ ተመድባ የመጣች የሒሳብ መምህርት ነበረች። ከተጋባን አራት ዓመት አልፎን ልጅ አልመጣም።

የፎገራ ሜዳ እንደዚህ ላለው ችግር ክፉ አገር ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ዋልካው ጫማህን ከእግርህ ነጥቆ ያስቀርብሃል። መስከረም ሲጠባ ግን ያ ሁሉ ጭቃ አረንጓዴ ነው። ሩዙ ሲነሣ ጓያው ይዘራል፣ ከዚያ ሽምብራው፤ ላሟም በዓመቱ ትወልዳለች። ዘር የተጣለበት ሁሉ በሚበቅልበት አገር ያልወለደች ሴት እንዴት እንደምትታይ መናገር አያስፈልገኝም። ሴት አልሁ፤ ወንዱን የሚያይ አልነበረምና።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። እቴነሽን ይዛት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረደች፤ ሳምንት ሙሉ ውሃው ውስጥ ስትዘፈዝፋት ከረመች። አንተም ግባ ያለኝ የለም። በየቀኑ ከቢሮ ስመለስ የሩዝ እንጀራ በአሣ ወጥ እየበላሁ ብቻዬን ሰነበትሁ፤ እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም ነበር።

እቴነሽ ባሕር ዳር ሄዳም ተመረመረች። ምንም አልተገኘባትም። ያኔ ነው ስለ ካምፑ ሐኪም የሰማችው። ለሠራተኞቹ የመጣ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ዝምተኛ ቻይናዊ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የአገሬውንም ሰው ያይ ነበር። እግሯና ሆዷ ላይ መርፌ ተከለላት፤ ጭቁኝ ጭቁኝ የሚል መራራ ሽታ ያለው ደረቅ ቅጠልም እያጤሰ በሆዷ አጠገብ ያዞር ነበር። ልጅ ትወልጃለሽ አላላትም። መርፌው አጋዥ ነው፣ ሰውነትን ያበረታል፣ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም ብሏታል። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ነገራት፤ ባልሽም ይመርመር፣ ባልሽም ይምጣ።

ምርመራውን እምቢ አልሁ። መርፌውን እሺ አልሁ። ሐሙስ ሐሙስ እንድሄድ ተቀጠረልኝ።

መቼም የሰው ልጅ የሚሰናከለው በትልቅ ድንጋይ አይደለም። ለእቴነሽ የምታስተረጉምላት በካምፑ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ የእኔ ድንጋይ የወንዶቹ አስተርጓሚ ነበር። አስማረ ይባላል፤ የቁሐር ሰው፣ እኩያዬ፣ ርብ ወንዝ አብሮኝ አሣ ያጠመደ፤ ቻይናዎቹ ዘንድ ተቀጥሮ ቋንቋቸውን በጥቂት ወራት የለቀመ ብልህ። እናቱና እናቴ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። በመጀመሪያው ሐሙስ ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀና አስማረ ወደ እኔ ዞረ።

«ምንህን ነው ልበለው?»

የመጣሁበትን ቃል አፌ ላይ አድርሼው ነበር። የአስማረን ፊት ሳየው፣ በሚቀጥለው ማኅበር ሴቶቹ ጠላቸውን ይዘው ጸጥ ሲሉ ታየኝ።

«ወገቤን ነው» አልሁ። «ሩዝ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ቀና ስል ነው የምውለው።»

«በል ሸሚዝህን አውልቅና በሆድህ ተኛ» አለኝ አስማረ።

ወገቤ ደኅና ነበር። ደኅና ወገቤ ላይ መርፌ እያስተከልሁ አሥር ሐሙስ ተመላለስሁ። መርፌዋ ስትገባ አታምም፤ ከገባች በኋላ ግን ከባድ፣ የደነዘዘ ነገር ይሰማል። ቤት ስመለስ እቴነሽ እርጎ አቅርባ ትጠብቀኛለች። «ዛሬስ የት የት ተከለብህ?» ትለኛለች። «እንዳንቺው ነው፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ሆዴ ላይ» እላለሁ። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «እስካሁን ብቻዬን ነበር የምታከመው። አሁን ሁለት ሆነናል» አለችኝ። ያን እርጎ እንዴት እንደዋጥሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ውሸት ሲሠምርለት የሚያስቅ ነገር አለው። የግብርናው ልጅ ወገቡ ዳነለት የሚል ወሬ ተነዛና፣ አረም ሲያርሙ ወገባቸው የተቆረጠ ገበሬዎች በካምፑ በር ተሰለፉ። አንዳንዶቹ ደኅና ሆኑ፤ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኝ ነበር። «ልጅ ይስጥህ» ይሉኛል።

በዚያ ሰሞን እናቴ፣ «ኧረ ለመሆኑ አንተስ ታይተሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቷ አንዴ ጠየቀችኝ። «ታይቻለሁ እምዬ፤ ምንም የለብህም ብሎኛል» አልኋት። ሐኪሙ እንዲያ አላለም፤ ያልጠየቁትን ከየት ያመጣል? እናቴ ግን ቃሌን ይዛ ሄደች፤ እንዲያፋቱን ሽማግሌዎች የጠራችውም በዚያ ቃል ነው። ባል ንጹሕ ነው ከተባለ የሚቀረው አንድ ሰው ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ሊመጡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቴነሽ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ቀና ሳትል፣ «አስማረ ስለ ወገብህ ጠየቀኝ» አለችኝ።

ከፊቷ ያለውን የወረቀት ክምር ማስተካከል ጀመርሁ።

«ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው የጠየቀኝ። ደኅና ነው አልሁት። አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«አፍሬ ነው» አልኋት።

«አውቃለሁ። እኔም ሳፍር ነው የኖርሁት።» ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች። «ነገ አንተ ትነግራቸዋለህ። እኔ ብናገር ባሏን አዋረደች ነው የሚሉኝ፤ ማንም አያምነኝም። አንተ አንዲት ቃል ብትላቸው ይበቃል። አልታከምሁም፣ አልተመረመርሁም በላቸው። ከዚያ ልጅ ባይመጣም አብረን እንኖራለን።»

እሺ አልኋት። ከልቤ ነበር እሺ ያልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው የንስሐ አባታችን ቄሱ። የመጀመሪያው ቃል የቄሱ ነበር። «ልጄ፣ ጥፋት የለብሽም» አሏት። «ትዳራችሁም ያማረ ነው። ግን ይህ ቤት ዘር ይፈልጋል። እሱም ታይቶ ምንም የለበትም ተብሏል።»

«አባቴ፣ እኔም ባሕር ዳር ታይቼ ምንም የለብሽም ተብያለሁ» አለች።

«ማኅፀን የእግዜር ነው፤ መሣሪያ አያየውም» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ በርኅራኄ።

እቴነሽ ወደ እኔ ዞረች። «እሱ የሚላችሁን ስሙ። እሱ ያለውን እቀበላለሁ» አለች። ሁሉም ለአፍታ አዩኝ። የእናቴን ፊት አየሁ፤ ከዚያ መሬቱን አየሁ። ደጅ ላይ ጥጃ ይጮኽ ነበር። ቄሱ ዝምታዬን እንደ ሐዘን ቆጠሩልኝ መሰለኝ፣ «እሱን አታስጨንቁት» ብለው ወደ ዕቃ ክፍፍሉ አለፉ። እቴነሽ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከዕቃውም መጻሕፍቷንና አልጋዋን ብቻ ወሰደች።

በዓመቱ ወደ አገሯ ተዛወረች። አግብታ ሁለት ልጆች መውለዷን የሰማሁት ከአስማረ ነው፤ ሲነግረኝ ፊቱን አዙሮ ነበር። እኔም አገባሁ። ከሁለተኛዋ ባለቤቴ ጋር ይኸው እስከዛሬ አለን፤ ልጅ የለንም። እናቴ ስለሞተች በዚህችኛዋ ላይ ሽማግሌ የሚጠራ አልተገኘም፤ ዕድሏ እሱ ነው። ልጅ ማጣቱን ለምጄዋለሁ፤ ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል። ያልለመድሁት ያችን እሑድ ነው። እቴነሽን ያጣኋት ልጅ ስላልወለደች አልነበረም፤ እኔ አንዲት ቃል ከማውጣት እሷን ማጣት ስለቀለለኝ ነው።

ትናንት ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልሁለት። ለማንም ያልነገርሁትን ይህን ሁሉ ነገርሁት፤ ከሚስትህ ጋር አብረህ ሂድ፣ በመርፌው አትጀምር፣ መጀመሪያ ተመርመር አልሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያም፣ «ሽማግሌዎቹ ግን እርስዎን ጠየቁዎት?» አለኝ።

«አልጠየቁኝም» አልሁት። ሃያ ዓመት ያህል ራሴን ያጽናናሁት በዚህ መልስ ነው።

«ቢጠይቁዎትስ ኖሮ፣ ጋሼ?»

«እዋሽ ነበር» አልሁት።